«ስንት ቀረኝ?»፦ የእንግሊዝኛ ግሶች ብዛትና ዓይነት ከአንድ ተማሪ ጥያቄ በመነሣት

መግቢያ

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ደወል ተደውሎ ተማሪዎች እየተበተኑ ነበር። በአንድ የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የምታስተምር አንዲት መምህርት መጻሕፍቷን ስትሰበስብ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ወደ ጠረጴዛዋ ቀረበ። በእጁ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይዟል። ደብተሩን ገልጦ ፊቷ ዘረጋው። እያንዳንዱ ገጽ በማስመሪያ ሦስት ቦታ ተከፍሏል፤ በመጀመሪያው ዓምድ የአሁን ጊዜ፣ በሁለተኛው ኃላፊ ጊዜ፣ በሦስተኛው ደግሞ ፓስት ፓርቲሲፕል የሚባለው ቅርጽ ተጽፏል። መስመሮቹ ተራ ቁጥር አላቸው። የመጀመሪያው መስመር «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ሲሆን የመጨረሻው ቁጥር 437 ነበር።

«ቲቸር፣ የእንግሊዝኛ ቨርብ ጠቅላላ ስንት ነው?» አለ ልጁ።

«ምን ያደርግልሃል?»

«ስንት እንደቀረኝ ለማወቅ ነው።»

መምህርቷ ፈገግ አለች። ግስ ተቆጥሮ እንደማያልቅ፣ ዝም ብሎ ማጥናት እንደሚሻል ነገረችው። መልሷ ሐሰት አልነበረም። ልጁ ግን ደብተሩን አጥፎ ወጣ፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ያን ደብተር ይዞ አልታየም። በተከታዩ ፈተና ግስን የሚመለከቱትን ጥያቄዎች ሳይሞክራቸው ባዶ ትቷቸው አገኘች። ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ «ስንት ቀረኝ?» ሲል የጠየቀው የመማሪያ መጽሐፎቹ የሚከፈቱለት መቼ እንደሆነ ነበር። የተሰጠው መልስ «መቼም» የሚል ትርጉም ይዞ ጆሮው ደረሰ።

በዚያው ክረምት መምህርቷ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ ጥያቄው አብሯት ሄደ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ያንን ጥያቄ እንደገና ማንሣት ነው። ጽሑፉ የእንግሊዝኛ ግሶች ብዛት የማይቆጠርበትን ምክንያት ያሳያል፤ በግሶቹ መካከል ተቆጥሮ የሚያልቅ ክፍል መኖሩን ያመለክታል፤ በመጨረሻም አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ በትኛው ክፍል እንደሆነ ያብራራል።

ቁጥሩ የሚያመልጠው ለምንድን ነው?

መልስ ፈላጊ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ መዝገበ ቃላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በ20 ቅጽ የታተመው ሁለተኛው የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በጊዜው በሥራ ላይ ላሉ 171,476 ቃላት ሙሉ ፍቺ ሰጥቷል። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ ስሞች፣ ሩብ ያህሉ ቅጽሎች፣ አንድ ሰባተኛ ገደማው ደግሞ ግሶች እንደሆኑ ይገመታል። ስሌቱ ሲሠራ የግሶቹ ቁጥር ወደ 24 ሺህ አምስት መቶ ይጠጋል። ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ጠንካራ ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን ቢያንስ በሦስት ምክንያቶች ይላላል።

የመጀመሪያው ምክንያት በእንግሊዝኛ ስም ያለ ምንም ቅጥያ ግስ ሊሆን መቻሉ ነው። «ዎተር» ውኃ ነው፤ አትክልት ማጠጣትም ነው። «ሃንድ» እጅ ነው፤ ማቀበልም ነው። ሰው አዲስ ነገር በፈጠረ ቁጥር የነገሩ ስም በማግሥቱ ግስ ሆኖ ሊያድር ይችላል። «ጉግል» የአንድ ድርጅት ስም ሆኖ ሳለ በመረጃ መረብ መፈለግ የሚል ትርጉም ያለው ግስ ሆነና እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ገባ። በር ሁልጊዜ ክፍት በሆነበት ቤት እንግዳ መቁጠር አይቻልም።

ሁለተኛው ምክንያት አንድ ቅርጽ ብዙ ትርጉም መሸከሙ ነው። «ረን» የሚለውን ግስ ብንወስድ፣ አትሌት ሲሮጥ፣ ወንዝ ሲፈስ፣ ማሽን ሲሠራ፣ ሰው ድርጅት ሲያስተዳድርና ለምርጫ ሲወዳደር እንግሊዝኛው የሚጠራው ይህንኑ አንድ ግስ ነው። የኦክስፎርድ አዘጋጆች ለዚህ ግስ ብቻ ከ600 በላይ ፍቺዎች ለይተዋል። አማርኛ ለእነዚህ አምስት ድርጊቶች አምስት ግሶች አሉት። ታዲያ «ረን» አንድ ግስ ነው ወይስ ብዙ?

ሦስተኛው ምክንያት ሐረጋዊ ግስ ነው። «ጊቭ» መስጠት ነው፤ «አፕ» ወደ ላይ ማለት ነው። «ጊቭ አፕ» ግን ወደ ላይ መስጠት አይደለም፤ ተስፋ መቁረጥ ወይም መተው ነው። ትርጉሙ ከሁለቱ ክፍሎች ድምር አይገኝምና ራሱን የቻለ ግስ ሆኖ ሊቆጠር ይገባዋል። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። «ቁጭ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ብድግ አለ» ሲባል «አለ» የንግግር ግስነቱን ትቶ ከፊቱ ካለው ቃል ጋር አንድ ሆኗል።

እንዲያውም ጥያቄውን ወደ ራሳችን ብናዞረው ችግሩ ይበልጥ ይገለጣል። የአማርኛ ግስ ስንት ነው? «ሰበረ፣ ተሰበረ፣ አሰበረ፣ ሰባበረ፣ ተሰባበረ» አንድ ግስ ናቸው ወይስ አምስት? ከሥር አንጻር አንድ ናቸው፤ ከትርጉም አንጻር አምስት ናቸው። አማርኛን አፉን የፈታበት ሰው ይህን ሳይቆጥር ዕድሜ ልኩን ይናገራል፤ አለመቁጠሩም አንድም ቀን አላስቸገረውም።

የአገራችን የቅኔ ቤት ትምህርት ለዚህ ጉዳይ የቆየ ዘዴ አለው። የግዕዝ ተማሪ ግሶችን አንድ በአንድ ቆጥሮ እንዲጨርስ አይጠበቅበትም። እንደ «ቀተለ» እና «ቀደሰ» ያሉ አርእስተ ግስ የሚባሉ ጥቂት ግሶችን ርባታቸውን አጥብቆ ይይዛል፤ በእነርሱ መንገድ የሚሄዱትን ሌሎች ግሶች ደግሞ ሠራዊት ብሎ ከየአርእስታቸው በኋላ ያሰልፋቸዋል። የአርእስቱ ዝርዝር ከመምህር መምህር ሊለያይ ይችላል፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። አለቆቹን ያወቀ ሠራዊቱ ቢበዛ አይደነግጥም።

ተቆጥሮ የሚያልቀው ክፍል

እንግሊዝኛም የራሱ አለቆች አሉት። የሰዋስው ሊቃውንት ግሶችን በመጀመሪያ ለሁለት ይከፍሏቸዋል። አንደኛው ክፍል ዋና ግሶች የሚባሉት ሲሆኑ ድርጊትን፣ ሁኔታንና ለውጥን የሚገልጹ ናቸው፤ ከላይ እንደታየው ይህ ክፍል ክፍት ነው። ሁለተኛው ክፍል ረዳት ግሶች ናቸው፤ እነዚህ ዝግ ናቸው፤ በየዓመቱ አዲስ አባል አይቀበሉም።

ረዳቶቹም ሁለት ወገን ናቸው። በመጀመሪያው ወገን «ቢ»፣ «ሃቭ» እና «ዱ» አሉ። ሦስቱ እንደ ዋና ግስም ያገለግላሉ። «ቢ» ስምንት ቅርጾች አሉት፦ ቢ፣ አም፣ ኢዝ፣ አር፣ ዎዝ፣ ዌር፣ ቢይንግ፣ ቢን። «ሃቭ» አራት አሉት፦ ሃቭ፣ ሃዝ፣ ሃድ፣ ሃቪንግ። «ዱ» አምስት አሉት፦ ዱ፣ ደዝ፣ ዲድ፣ ደን፣ ዱዊንግ። በሁለተኛው ወገን ችሎታን፣ ፈቃድን፣ ግዴታንና ግምትን የሚያመለክቱ ዘጠኝ ግሶች ይገኛሉ፦ ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ሻል፣ ሹድ፣ ዊል፣ ዉድ፣ መስት። እነዚህ ዘጠኙ ለሦስተኛ መደብ ነጠላ የሚጨመረውን የ«ስ» ድምፅ አይቀበሉም፤ ከኋላቸው የሚመጣውም ግስ ባዶውን ይቆማል። በድንበር ላይ የቆሙ፣ አንዳንዴ ረዳት አንዳንዴ ዋና የሚሆኑ እንደ «ኒድ» እና «ዴር» ያሉ ጥቂት ግሶች መኖራቸው እሙን ነው። መሠረቱ ግን ይኸው ነው።

ድምሩ ስምንት፣ አራት፣ አምስትና ዘጠኝ፣ ማለትም 26 ነው። ቁጥሩ ከእንግሊዝኛ ፊደላት ቁጥር ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ብቻ ነው፤ ለተማሪ ግን ለማስታወስ ይመቻል። ሃያ ስድስቱን ፊደል ያወቀ ልጅ ማንኛውንም ቃል ፊደል ቆጥሮ ማንበብ እንደሚጀምር ሁሉ፣ እነዚህን ሃያ ስድስት ቅርጾች ያወቀ ልጅ የማንኛውንም ዋና ግስ ጥያቄ፣ አሉታና ጊዜ ወደ መመሥረት ይሻገራል።

ሕግ ጣሾች የሚባሉት

በክፍቱና በዝጉ መካከል ልጁ በደብተሩ ሲያሰልፋቸው የነበሩት ኢ-መደበኛ ግሶች አሉ። መደበኛ ግስ አራት ቅርጾች ብቻ አሉት፤ «ዎክ» የሚለው ግስ ዎክስ፣ ዎኪንግ፣ ዎክድ እያለ ይሄዳል፤ ኃላፊ ጊዜውና ሦስተኛው ዓምድ አንድ ናቸው። ኢ-መደበኛው «ቴክ» አምስት ቅርጾች ሲኖሩት፣ «ፑት» ደግሞ ሦስት ብቻ አሉት። የኢ-መደበኞቹ ቁጥር እንደ ቆጣሪው ቢለያይም ከ150 እስከ 250 ባለው ውስጥ ይወድቃል። አዲስ የሚፈጠሩ ግሶች በጠቅላላው መደበኛውን መንገድ ስለሚከተሉ ዝርዝሩ አያድግም።

ዝርዝሩ እንዲያውም እየቀነሰ የሚሄድ ነው። ኤሬዝ ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጥናት ከጥንታዊው እንግሊዝኛ 177 ኢ-መደበኛ ግሶችን ሰብስበው ጉዟቸውን ተከታተሉ። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ኢ-መደበኛነታቸውን ጠብቀው የተገኙት 145 ነበሩ፤ በዛሬው እንግሊዝኛ ደግሞ 98 ብቻ ናቸው። የቀሩት መደበኛ ሆነዋል። ለምሳሌ መርዳት የሚል ትርጉም ያለው «ሄልፕ» ዛሬ ኃላፊ ጊዜው «ሄልፕድ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን «ሆልፕን» የሚለው አሮጌ ቅርጹ ገና ይገኛል። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት ሕግ እንደሚያሳየው፣ ከሌላው መቶ ጊዜ ያነሰ አገልግሎት ላይ የሚውል ግስ አሥር ጊዜ ፈጥኖ መደበኛ ይሆናል። በአንጻሩ በእንግሊዝኛ እጅግ የሚዘወተሩት አሥሩ ግሶች ሁሉም ኢ-መደበኛ ናቸው። በየቀኑ የሚነገር ቃል ቅርጹን ለመርሳት ጊዜ አያገኝም።

ይህን ከአማርኛ ማየት ይቻላል። «መጣ» ለሚለው ግስ ትእዛዙ «ና» ነው፤ ለሴት «ነይ»፣ ለብዙ «ኑ» ይባላል። በ«መጣ» እና በ«ና» መካከል አንድም የጋራ ተነባቢ የለም። «ነው»፣ «ነበረ» እና «ይሆናል» የሚሉትም አንዱ የሌላውን ቦታ እየሞሉ የሚሠሩ የተለያዩ ሥሮች ናቸው። የእንግሊዝኛው «ዌንት» ከ«ጎ» ጋር የተጣመረው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ቀድሞ «ዌንድ» የተባለ የሌላ ግስ ኃላፊ ጊዜ ነበር። «ና» የሚለውን ማንም ሕፃን በሠንጠረዥ አላጠናውም፤ ቀኑን ሙሉ ስለሚጠራበት አወቀው።

ሌላም የሚያጽናና ነገር አለ። ብዙዎቹ ኢ-መደበኛ ግሶች በዘፈቀደ የሚለዋወጡ አይደሉም፤ የውስጥ አናባቢያቸውን ብቻ ይቀይራሉ። በፊደላችን ሲጻፉ ደግሞ ለውጡ ለዓይን ይታያል፦ «ሲንግ፣ ሳንግ፣ ሰንግ»፤ «ሪንግ፣ ራንግ፣ ረንግ»፤ «ድሪንክ፣ ድራንክ፣ ድረንክ»። ፊደሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ቤቱ ነው፤ ሳልስ፣ ራብዕ፣ ግዕዝ እያለ ይሄዳል። «ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ሰብሮ» እያለ ላደገ ልጅ ተነባቢው ጸንቶ አናባቢው ሲለዋወጥ ማየት የአፍ መፍቻ ቋንቋው ጠባይ ነው። እንግዳ ሊሆንበት የሚገባው፣ ያለ ውስጥ ለውጥ በጅራቱ «ድ» ብቻ የሚጨምረው መደበኛው ግስ ነበር።

ዓይነት ማለት ጠባይ ነው

ግሶች በቅርጽ ብቻ ሳይሆን በትርጉምም ይመደባሉ። የተለመደው ክፍፍል ተሳቢ የሚፈልገውን ተሻጋሪ ግስ ከማይፈልገው ይለያል። ቤዝ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመችው ጥናት ከ3 ሺህ በላይ የእንግሊዝኛ ግሶችን ስትመድብ ያሳየችው ነገር የግስ ትርጉም በዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚኖረውን ጠባይ እንደሚወስን ነው። «ብሬክ» እና «ከት» ሁለቱም ተሳቢ ይቀበላሉ፤ ሰው መስኮት ይሰብራል፣ ዳቦ ይቆርጣል። ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ «ዘ ዊንዶው ብሮክ» ማለት ሲቻል «ዘ ብሬድ ከት» ብሎ ዳቦው ተቆረጠ ማለት አይቻልም። መስኮት በራሱ ሊሰበር ይችላል፤ ዳቦ ግን ቆራጭና ቢላዋ ይፈልጋል። አማርኛ ሁለቱንም በ«ተ» ያመለክታል፤ ተሰበረ፣ ተቆረጠ። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው «ብሮክ» ላይ የ«ተ»ን ምትክ ሲፈልግ ያጣታል፤ ግሱ ሰበረም ተሰበረም በአንድ ቅርጽ የሚል ነውና።

ዜኖ ቬንድለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 ግሶችን ከጊዜ ጋር ባላቸው ዝምድና በአራት መደባቸው፦ እንደ ማወቅ ያለ ሁኔታ፣ እንደ መሮጥ ያለ ቀጣይ ድርጊት፣ ቤት እንደ መሥራት ያለ ፍጻሜ ያለው ሥራ፣ እንደ መድረስ ያለ ቅጽበታዊ ክንውን። ይህ ክፍፍል አንድን የቆየ የተማሪዎች ስሕተት ለመረዳት ይጠቅማል። የአማርኛው «ለበሰ» ልብሱ ወደ ገላ የገባበትን ጊዜ ያመለክታል፤ ስለዚህ ልብሱ ገላ ላይ ሳለ «ለብሷል» እንላለን። የእንግሊዝኛው «ዌር» ግን ልብሱ ገላ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ይይዛልና «ኢዝ ዌሪንግ» ይባላል። «ለብሷል» የሚለውን ቃል በቃል የሚመልስ ተማሪ «ሃዝ ዎርን» ይልና ድርጊቱ ያለፈ ያስመስለዋል። ተማሪው ግሱን ያውቀዋል፤ ሦስቱንም ዓምድ ምናልባት በቃሉ ይዟል፤ ያላወቀው ግሱ ከጊዜ ጋር ያለውን ጠባይ ነው።

ስሕተቱ የሚኖርበት ቦታ

መምህርቷ በማስተማር ዘመኗ ያረመቻቸውን ደብተሮች መለስ ብላ ስታስታውስ አንድ ነገር ተገለጠላት። ቀይ እስክሪብቶዋ አብዝቶ ያረፈው በብርቅ ግሶች ላይ አልነበረም። ያረፈው በሃያ ስድስቱ ዙሪያ ነበር።

ከሁሉ የሚዘወተረው «ዲድ ኖት ዌንት» የሚለው ነው። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። አማርኛ «ሄደ» የሚለውን ሲያፈርስ «አልሄደም» ይላል፤ «አል» እና «ም» ከፊትና ከኋላ ይታከላሉ፣ ግሱ ግን የኃላፊ ጊዜ መልኩን እንደያዘ ይቆያል። በእንግሊዝኛ አሉታው ሲመጣ ኃላፊ ጊዜውን «ዲድ» ይወስድና ዋናው ግስ ባዶውን ይቀራል። «ዌንት» የሚለው ተማሪ የአማርኛውን ሕግ በታማኝነት ጠብቋል። ችግሩ በአማርኛ የ«ዱ»ን ሥራ የሚሠራ ረዳት ግስ አለመኖሩ ነው።

«መስት ቱ ጎ» የሚለውም እንዲሁ ነው። «መሄድ አለበት» ውስጥ ያለችው «መ» በተማሪው አእምሮ «ቱ» ሆና ትመጣለች፤ «መስት» ግን «ቱ»ን አይፈልግም። «ሂ ካን ጎዝ» የሚለው ደግሞ የሚመነጨው በአማርኛ ግስ ሁሉ መደብ ማመልከት ስላለበት ነው፤ ተማሪው ባለቤቱን በግሱ ላይ ሳያሳይ መተው ጉድለት ይመስለዋል። ሦስቱም ስሕተቶች ምንጫቸው የታወቀ ነው፤ ሦስቱም የሚገኙት ተቆጥሮ በሚያልቀው ክፍል ውስጥ ነው። ተማሪው ግን ጊዜውንና ተስፋውን የሚያፈስሰው በማያልቀው ክፍል ላይ ነው፤ ሠንጠረዡን የሰጠነው እኛ መምህራን ነንና።

ማጠቃለያ

ከዚህ የሚወጣው ሐሳብ ቀላል ነው። የእንግሊዝኛ ዋና ግሶች አይቆጠሩም፤ መቆጠርም አያስፈልጋቸውም፤ የአማርኛውን ግስ እንዳገኘነው ሁሉ በንባብና በንግግር መንገድ ላይ ይገኛሉ። ኢ-መደበኞቹ የተወሰኑ ናቸው፤ አብዛኞቹም በአናባቢ ለውጣቸው በየቤታቸው ሊሰለፉ ይችላሉ። ረዳቶቹ ግን 26 ቅርጾች ናቸው፤ ከአማርኛው አሠራር ጋር እየተነጻጸሩ በቅድሚያና በጥልቀት ሊሰጡ ይገባል። የግስ ትምህርት ከሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ከመጀመር ይልቅ «አልሄደም» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል ከሚለው ጥያቄ ቢጀምር ተማሪው በሚያውቀው መሬት ላይ ቆሞ ይነሣል።

መስከረም ላይ መምህርቷ ወደ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች። ልጁ አሥረኛ ክፍል ገብቶ በሌላ መምህር ሥር ነበር። ሃያ ስድስቱን ቅርጾች በአንድ ወረቀት ጽፋ በእረፍት ሰዓት ፈልጋ አገኘችውና ሰጠችው። ልጁ በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው።

«እነዚህ ብቻ ናቸው እንዴ፣ ቲቸር?»

«ብቻ አይደሉም። የሚያልቁት ግን እነዚህ ናቸው።»

ልጁ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያንኑ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይዞ መጣ። ከ437 በኋላ የተጻፉት መስመሮች ቁጥር አልነበራቸውም፤ በሦስቱ ዓምዶች ላይ ተሻግረው የተጻፉ ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ። ሁለቱ ስሕተት ነበረባቸው። መምህርቷ ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችውና ማረም ጀመሩ።